ቅድመ አያቴን ጣሊያን «ባሕር አሻግሮ» ወሰደው፤ ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

የጀልባው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው ባሕር ዳር ነው፣ ጀልባ ላይ። እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል አመላልሳለሁ። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ እንደመጣልኝ ልጻፈውና እናንተ አቃኑት።

ነገሩን የቀሰቀሰችው አንዲት አውስትራሊያዊት ናት። ጠና ያለች ሴት ናት፣ ከልጇ ጋር ነበረች። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንሄድ መሀል ባሕር ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። የአጥማጅ መረብ ተጠምጥሞበት ነው። እኔ ልብሴን አውልቄ ገባሁና መረቡን በቢላ መበጠስ ያዝኩ። እሷ ደግሞ ጊዜ ለመግፋት ይመስለኛል፣ ለአስጎብኚው ስለ አያቶቿ ታወራለች። ከአያቶቿ አንዱ እንግሊዝ አገር ጨርቅ ሰርቆ 7 ዓመት ተፈርዶበት በመርከብ ወደ ታዝማኒያ የተጋዘ ሰው ነው። ስልኳን አውጥታ መዝገቡን አሳየችን። ቁመቱ አለ። የዓይኑ ቀለም አለ። ማንበብ እንጂ መጻፍ እንደማይችል አለ። ክንዱ ላይ የተነቀሰው መልሕቅ ሳይቀር ተጽፏል። ደግሞ ሳታፍር፣ እንዲያውም ኮራ ብላ ነው የምታወራው።

ውሃ እየተንጠባጠበብኝ ቆሜ አንድ ነገር አሰብኩ። ጨርቅ የሰረቀ ሰው ቁመቱ ይኸው ከ170 ዓመት በኋላም ይታወቃል። የእኔ ቅድመ አያት ግን የት አገር አፈር እንደበላው እንኳ የሚያውቅ የለም።

ታሪኩ ይኸው። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ የምትኖረው ዘጌ ነው። 90 ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። አባቷን አታውቀውም፤ ጡት ላይ እያለች ነው ጣሊያን የወሰደው። ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ባሕር አሻግረው ወሰዱት።» በቃ። ከዚያ አልፈህ ብትጠይቃት «አዬ ልጄ» ትልና ሲኒዋን ማጠብ ትጀምራለች።

ከየካቲት 12 በኋላ ጣሊያን ብዙ ሰው ወደ አዚናራ ደሴት እንዳጋዘ ሰምቻለሁ። የእኔም ሰውዬ እዚያ ይሆናል ብዬ የጣሊያኖቹን ወረቀት ኢንተርኔት ላይ በ«1929» ስፈልግ ከረምኩ። ጓደኛዬ ሲስቅብኝ ነው በነሱ አቆጣጠር 1937 መሆኑ ትዝ ያለኝ። እሱን ተዉት።

አንድ መሥሪያ ቤትም ሄጄ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ሠራተኛው «የሟች የምስክር ወረቀት አምጣ» አለኝ። መሞቱን የሚነግረኝ ወረቀት ቢኖረኝ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ገብቷል አሉኝ፣ እኔም ወደ ጀልባዬ ተመለስኩ።

በእጃችን ያለው ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው። የአያቴ አጎት ደብተራ ነበር። የብራና ዳዊቱ እስካሁን አያቴ ጋ አለ፣ በማኅደሩ ሆኖ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። የመጨረሻው ቅጠል ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «...በዘመነ ማርቆስ በዕለተ እሑድ በበዓለ ሚካኤል ኢጣልያ ወሰዱት። ባሕርም አሻገሩት።» ከፊቱ ስም አለ፤ የክርስትና ስሙ ይመስለኛል። የጧፍ ሰም ስለፈሰሰበት ግን የሚነበበው መጀመሪያው ብቻ ነው፣ «ኃይለ» ይላል። ዓመተ ምሕረት የለውም። ወርም የለውም።

ከየት ልጀምር? በእናታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምሩኝ።

ሐሜተኛው፦

ወንድሜ፣ አትቆጣኝና ጣሊያን ያሻገረው ሁሉ አርበኛ አይደለም። ባንዳ ሆኖ በገዛ እግሩ ሄዶ እዚያው የቀረም አለ። ስትቆፍር የምታገኘውን አታውቅም። ልብህን አዘጋጅ ለማለት ያህል ነው።

የጀልባው ልጅ፦

አልቆጣህም። እኔም አስቤዋለሁ። ባንዳም ይሁን ቁመቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዳዊት ደጋሚ፦

የምን «ዓመተ ምሕረት የለውም» ነው? ተጽፎልህ የለም እንዴ! ደብተራው አንተን አስቦ ነው የጻፈው፤ አንተ ማንበብ አቃተህ እንጂ።

እስቲ ብዕር አምጣ። አራቱ ወንጌላውያን ዓመት ዓመቱን ተራ በተራ ይይዙታል፤ በአራት ዓመት ዞሮ ይገጥማል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምርና ለ4 አካፍለው። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። ጣሊያን የናንተን አገር የያዘው በ1928 ነው፣ የለቀቀው በ1933። 1928 ዮሐንስ፣ 1929 ማቴዎስ፣ 1930 ማርቆስ፣ 1931 ሉቃስ፣ 1932 ዮሐንስ፣ 1933 እንደገና ማቴዎስ። በጣሊያን ዘመን ማርቆስ አንዴ ብቻ ነው የዋለው። 7430ን ለ4 አካፍለህ እየው፣ 2 ይተርፋል። ስለዚህ ሰውህ የተወሰደው በ1930 ነው። የኛን 1929 ተወው።

አሁን ወሩ። ሚካኤል 12 ነው። በ1930 መስከረም 1 ቅዳሜ ዋለ። ስለዚህ መስከረም 12 ረቡዕ ነው። ወሮቻችን 30፣ 30 ቀን ስለሆኑ ዕለቱ በየወሩ ሁለት ሁለት ይገፋል። ጥቅምት 12 ዓርብ። ኅዳር 12 እሑድ! እዚያ ላይ ጮቤ ረግጬ ነበር፤ ግን ቁጥር ሳይጨርሱ መደሰት አይገባም ይሉ ነበር የኔታ። ቀጠልኩ። ታኅሣሥ ማክሰኞ፣ ጥር ሐሙስ፣ የካቲት ቅዳሜ፣ መጋቢት ሰኞ፣ ሚያዝያ ረቡዕ፣ ግንቦት ዓርብ፣ ሰኔ 12... እሑድ። ሐምሌና ነሐሴ አይሆኑም።

አየህ ነገሩን? ሁለት ብቻ ቀሩ፣ ኅዳርና ሰኔ። ሁለቱም ታላላቆቹ የሚካኤል በዓላት። ደብተራው ወሩን ሳይጽፍ «በበዓለ ሚካኤል» ብሎ ያለፈው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለሱ ግልጽ ነበር።

ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥልህ ወረቀት አይደለም፣ አያትህ ናቸው። «አባትሽ መቼ ተወሰደ» ብለህ አትጠይቃቸው፤ አያውቁም። «እናትሽ ስትነግርሽ ዝናብ ነበር ወይስ በጋ?» በላቸው። ለፈረንጆቹ ወረቀት እንዲሆንህ፣ ኅዳር 12 ቀን 1930 በነሱ ኖቬምበር 21 ቀን 1937 ነው። ሰኔ 12 ደግሞ ጁን 19 ቀን 1938።

የጀልባው ልጅ፦

የኔታ፣ እጅ ነሥቻለሁ! ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ገጽ አይቼዋለሁ እኮ። እንደ ጸሎት ነበር የማየው። ቅዳሜ ዘጌ እሄዳለሁ።

ሮም የከረመች፦

እኔ እዚህ ሮም ሰው ቤት እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ ትምህርቴ ግን ታሪክ ነበር። በዕረፍት ቀኔ ቤተ መዛግብት መግባት ልማዴ ነው። ሌላው ገበያ ይሄዳል፣ እኔ አቧራ እሸታለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ አዚናራን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው። አዚናራ በሰርዴኛ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለች ደሴት ናት። ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ጣሊያን የተጋዙት ወደ 400 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹም መኳንንት፣ የመኳንንት ቤተሰብና የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ራስ እምሩ ከነሱ ቀድመው ተማርከው ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። (በኋላ በ1943 በፈረንጅ ሙሶሊኒ ራሱ ተይዞ እዚያችው ደሴት ላይ መቀመጡን ሳስብ ሁሌም ፈገግ እላለሁ።) የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅም አዚናራ ከነበሩት ናቸው፤ በ1940 በፈረንጅ ቶሪኖ ላይ ሞቱ። ከቀሩት ብዙዎቹ የአኦስታው መስፍን በግራዚያኒ ምትክ እንደራሴ ከሆነ በኋላ ተመልሰዋል። ሰውህ የዘጌ ባላገር ከነበረ ከእነዚህ ጋር የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው።

ተራው ሰው የተጋዘው ይበልጡን ወደ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ደናኔ ነው፣ ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር። ከአዲስ አበባ የተያዙ ሰዎች፣ ከደብረ ሊባኖስ ጭፍጨፋ በኋላም ከየገዳሙ የተለቀሙ ካህናት እዚያ ታጉረዋል። ሚካኤል ተሰማ የሚባሉ እዚያ ታስረው የነበሩ ሰው ከጦርነቱ በኋላ በቃለ መሐላ መስክረዋል። በእሳቸው ግምት ከ6,500 እስረኛ 3,175 አልቋል። የጣሊያኖቹ ቁጥር ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሁለተኛው ቦታ ኖክራ ነው፣ ከምጽዋ ፊት ለፊት ካሉት የዳህላክ ደሴቶች አንዷ። ጣሊያን ኤርትራን ከያዘ ጀምሮ እስር ቤት ያደረጋት፣ ውሃ የሌላት፣ ድንጋይና ፀሐይ ብቻ የሆነች ቦታ። እስከ 1933 ድረስ ሠርታለች።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። በጣሊያን ዘመን ጎጃምና ጎንደር በአንድ ላይ «አማራ» በተባለው ግዛት ሥር ነበሩ፤ መቀመጫው ጎንደር ነው። ስለዚህ የሰውህ ወረቀት ካለ «ጎጃም» በሚል ሳይሆን በጎንደር ስም ነው የሚፈለገው። ከጎንደር ወደ ሰሜን ደግሞ መንገዱ አሥመራ፣ ከዚያ ምጽዋ ነው። እና አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። አንተ ጀልባ ነጂ ነህ። ለዘጌ ሰው «ባሕር» ማለት ምንድን ነው?

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። «ባሕር አሻገሩት» ስትል ወዲያው የመጣልኝ መርከብና ጣሊያን ነው። ሁለተኛ ሳነበው ነው የደነገጥኩት። ያ ደብተራ ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ብሎ የጠራው ጣናን ነው እኮ። ምናልባት የጻፈው ያየውን ብቻ ነው። ከዘጌ ጫኑት፣ ወደ ሰሜኑ ዳር፣ ወደ ጎርጎራ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየም፣ አልጻፈም።

ስሙን በተመለከተ፣ ጣሊያኖች «ሀ» አይወጣላቸውም። ኃይሉ «አይሉ»፣ ሐጎስ «አጎስ» ሆኖ ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው። ማዕረግ ካለው አሳጥረው ከፊት ይለጥፉታል። በክርስትናም በዓለም ስሙም ፈልግ። ከስሙ አጠገብ «ሪቤሌ» የሚል ካለ አመጸኛ ማለት ነው፣ በኛ ቋንቋ አርበኛ በለው። «ዴፖርታቶ» የተጋዘ፣ «ኮንፊናቶ» በግዞት የተቀመጠ ነው። እዚህ ሮም ኤውር ሰፈር ባለው የመንግሥት ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት የግራዚያኒ ወረቀቶች አሉ። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ መዛግብት የሚገኘው ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ቴሌግራም በላይ በላዩ። የሰው ስም ያለበት ሲገኝ ዕድል ነው፤ ብዙ ጊዜ «አሥራ አምስት ሰዎች» ይልና ያልፋል።

ሰውህ ምን ነበር ሥራው? የምጠይቅህ በምክንያት ነው። በ1929 መጋቢት ግራዚያኒ አዝማሪው፣ ጠንቋዩ፣ ባሕታዊው ሁሉ እንዲለቀም አዞ ነበር። ጥፋታቸው ወሬ ማዞር ነው። በ1930 መጀመሪያ ደግሞ ጎጃም ገና ሸፍቶ እየነደደ ነው። በዚያ ወቅት አገር ላገር የሚዞር ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር።

አንድ ነገር ልተወው ብዬ ነበር። ከደበቅሁህ ግን ምን ረዳሁህ? የዚያን ጊዜ የአማራ ግዛት ገዥ ጄኔራል ፒርዚዮ ቢሮሊ ነው። ባላባቶችን አንገታቸው ላይ ድንጋይ እያሰረ ጣና ውስጥ አስጥሏል ተብሎ ተጽፎበታል። «ባሕር» የሚለው ቃል ይህንንም ሊሸከም ይችላል። ይቅርታ አድርግልኝ።

የጀልባው ልጅ፦

ምንም አይደል እህቴ። ይህን ወሬ እኛም ከልጅነት ሰምተነዋል፤ ግን ቤት ውስጥ ማንም አይናገረውም ነበር። ዛሬ እንግዳ ጭኜ ስመለስ መሀል ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ቆየሁ። እንግዶቹ ፎቶ እንዲያነሡ መስሏቸው አመሰገኑኝ።

ሥራው ለጠየቅሽው፣ ታንኳ ነበረው። የደንገል ታንኳ። የዘጌን ቡናና ጌሾ ወደየገበያው ያመላልስ ነበር ይባላል። አሁን ስታነሺው ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል፣ ከሰው ሁሉ ጋር የሚያወራ ማነው? ባለ ታንኳ ነው።

ፐርዝ ያለችው፦

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ ሽምብጥ። አሁን አውስትራሊያ ነው ያለሁት። ስለዚያች እንግዳህ አንድ ቃል ልጨምር።

እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 በፈረንጅ ወደዚህ አገር 162,000 ያህል እስረኛ አግዟል። የመጨረሻዋ መርከብ የደረሰችው እኔ ከምኖርበት አጠገብ ፍሪማንትል ነው። ጎረቤቴ ያሉ ሽማግሌ የዚያ ዘር ናቸው። እናታቸው ግን እስክትሞት ድረስ ደብቃቸዋለች። እዚህም ነውር ነበር እኮ! አሁን ነው ልጅ ሁሉ «የኔ አያት ሌባ ነበር» እያለ የሚፎክረው። መዝገቦቹ በ2007 በፈረንጅ የዩኔስኮ የዓለም ትውስታ ሆነው ተመዝግበዋል።

ግን ወንድማለም፣ መዝገቡ ለምን እንዲያ ሙሉ እንደሆነ አስበኸው ታውቃለህ? ሰውየውን ወደውት አይደለም ንቅሳቱን የጻፉት። ቢያመልጥ ሊይዙት ነው። ቁመት የሚለካው አሳሪ ነው፤ እናት የልጇን ቁመት አትለካም። እህታችን ሮም ፈልግ ያለችህ ለዚህ ልክ ነው። ከዘጌ የምታገኘው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አታምታታቸው፣ አንዱን ከአንዱ አትጠብቅ።

ደግሞ ስትሄድ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ፤ ስኳር ያዝላቸው።

የጀልባው ልጅ፦

ሄጄ መጣሁ። ስኳርም ይዤ ነው የሄድኩት።

አያቴ ቡና እያፈላች ነበር። የኔታ እንዳሉኝ አደረግሁ። ስለ አባቷ አልጠየቅኋትም። «እማማ፣ እናትሽ ስትነግርሽ ያን ቀን ዝናብ ነበር?» አልኳት ብቻ። ሲኒዋን ወደ ማጠቡ አልሄደችም። የያዘችውን ጀበና መልሳ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችና ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «የምን ዝናብ! ቡናው ቀልቶ ነበር እንጂ» አለች።

ቡናው ተለቅሞ ደጅ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቀይ፣ ገና ያልደረቀ። ወታደሮቹ ሲገቡ ዞር ብለው አላለፉም። በነጫማቸው ሰሌኑ ላይ ሄዱበት። ቡናው እግራቸው ሥር እየፈነዳ ሰሌኑ ጨቀየ። እናቷ አያቴን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ስታወራ የምትደጋግመው ሰውየውን ሳይሆን ሰሌኑን ነበር አለችኝ። «ታጥቦ ታጥቦ አልለቀቀም ትለኝ ነበር።»

ስለዚህ ሰኔ አይደለም። ኅዳር ነው። ኅዳር 12 ቀን 1930፣ እሑድ። ግራዚያኒ ከመሻሩ ከአንድ ወር በፊት።

«በምን ወሰዱት?» አልኳት። «በሚጤስ ታንኳ» አለች። የሚጤስ ታንኳ! ሞተር ጀልባ መሆኑ ነው። እኔ በየቀኑ የማስጨሰው። «ወዴት?» አልኳት። በአገጯ አሳየችኝ። እኔ ወደ ባሕር ዳር ታሳየኛለች ብዬ ነበር። አላሳየችኝም። ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቅ ደሴት በኩል ነው ያሳየችኝ። ወደ ጎርጎራ ማለት ነው። «ወዲያ ማዶ፣ ባሕሩን አሻግረው» አለች። ለካ ዕድሜ ልኳን ነግራናለች። እኛ ትምህርት ቤት ገብተን ካርታ ስላየን ነው ጣናን ዘለን ሜዲትራንያን የገባነው።

ስለ ድንጋዩ ልጠይቃት አልደፈርኩም። ራሷ አነሣችው። «ድንጋይ አስረው ጣሉት ያሉም ነበሩ። እናቴ ግን አላመነችም። ታንኳው አልቆመም አለችኝ። ጢሱ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አይታዋለች፣ አንድም ቦታ አልቆመም።» ተዝካሩን ለምን እንዳላወጡለት የገባኝ ያኔ ነው። መሞቱን ማን አየ?

ሁለተኛውን ስትቀዳልኝ የክርስትና ስሙን ጠየቅኳት። ሳታስብ፣ እንደ ራሷ ስም ነገረችኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት ያን ሰም በጥፍሬ ስፍቅ፣ በባትሪ ሳይ፣ እሷ አጠገቤ ነበረች። ጠይቄያት አላውቅም።

ሐሜተኛው፣ ባንዳ ይሁን አርበኛ ገና አላወቅሁም፤ ሳውቅ እጽፍልሃለሁ።

ሮም ያለሽው እህቴ፣ ሁለቱንም ስም በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ጎንደር፣ አሥመራ፣ ኖክራ፣ በዚያ ቅደም ተከተል ብታይልኝ። ከኖቬምበር 21 ጀምሮ ነው። ስሙን አንዴ በ«ሀ»፣ አንዴ ያለ «ሀ» ነው የጻፍኩልሽ።